የጤና መድን ደብተራችን የአእምሮ ሕመምንና ሱስን ያሳክማል ወይ?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ከጎጃም የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች አንድ ላይ አቅርበናል። ሦስቱም የሚያነሡት ጉዳይ ተመሳሳይ በመሆኑ መልሶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ጠያቂዎቹ ስማቸው እንዳይወጣ በመፈለጋቸው የሚኖሩበትን አካባቢ ብቻ ጠቅሰናል።

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፤ የምኖረው ደምበጫ አካባቢ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ ነው። ቤተሰባችን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮውን በየዓመቱ ሳያቋርጥ ይከፍላል። ታናሽ ወንድሜ የልጆች አባት ነው፤ አረቄ ከለመደ ግን ቆይቷል። አሁን አሁን ጠዋት ሲነሣ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ የቡና ሲኒ እንኳ መያዝ አይችልም፤ አንድ መለኪያ ሲቀምስ ይረጋጋል። ሌሊት እንቅልፍ የለውም፣ «ሰዎች ያሙኛል፣ ሊገድሉኝ ይከታተሉኛል» ይላል። ጸበል አስጠምቀነው ለጥቂት ጊዜ ተሽሎት ነበር። ወደ ጤና ተቋም ስንወስደው አንድ ሠራተኛ «ይህ በገዛ እጁ ያመጣው ነው፤ መድን ለሰካራም አይከፍልም» ብሎ መለሰን። በሌላ ጊዜ መድኃኒት ታዘዘለት፤ ሆኖም በማዘዣው ላይ «የለም» የሚል ማኅተም ስለተመታበት ከግል መድኃኒት ቤት በገንዘባችን ገዛን። ለመሆኑ መድኑ ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም አይሠራም? ካልሠራስ አቤት የምንለው ለማን ነው? (ከደምበጫ)

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ስለ መድኑ ከመናገራችን በፊት አንድ አስቸኳይ ነገር እንንገርዎ። ጠዋት የሚመጣና አንድ መለኪያ ሲቀመስ የሚለቅ መንቀጥቀጥ፣ የወንድምዎ አካል ያለ አልኮል መሥራት እንደተሳነው የሚያሳይ ምልክት ነው። እዚህ ደረጃ የደረሰ ሰው፣ ቤተሰቡ በር ዘግቶበትም ሆነ እርሱ ራሱ ተስሎ፣ አረቄውን በአንድ ቀን ድንገት ቢያቆም ለሕይወቱ ያሰጋዋል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥ፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ትኩሳት፣ ቅዠትና ቦታንም ሰውንም መለየት ማቃት ሊከተል ይችላል፤ ይህም ሳይታከም ከቀረ ይገድላል። ስለዚህ ማቆሙ መልካም ሆኖ ሳለ በባለሙያ ክትትል ሥር መሆን አለበት። ሕክምናው ያን ያህል የተራቀቀ አይደለም፤ ዳያዚፓም በሐኪም ትእዛዝ ተሰጥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ መጠኑ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ከእርሱም ጋር ታያሚን የሚባለው ቫይታሚን ቢ1 ይሰጣል። ቀደም ሲል አንፈራግጦት ወይም አቃዥቶት የሚያውቅ ከሆነ ግን በሆስፒታል ተኝቶ እንዲታከም ይጠይቁ።

«ሊገድሉኝ ነው» ማለቱ ከመጠጡ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከመጠጡ ተለይቶ የሚታከም የአእምሮ ሕመምም ሊሆን ይችላል። ይህን በደብዳቤ መወሰን አይቻልም። ለዚህ ከጤና ጣቢያው ሪፈር አጽፈው በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር ሪፈራል ሆስፒታሎች ወደሚገኘው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ቢወስዱት ይመረጣል። ጸበሉን ይተው የሚል ምክር ግን ከእኛ አይጠብቁ። የታዘዘለትን መድኃኒት ጸበል ቦታም ይዞት ሊሄድ ይችላል፤ በጾም ምክንያት የሚወስድበት ሰዓት የሚቸግር ከሆነም ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ማስተካከል እንጂ ማቋረጥ አይገባም።

አሁን ወደ መድኑ እንመለስ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ ከአማራ ክልል ከተመረጡት አንዱ የጎጃሙ ደቡብ አቸፈር ነበር፤ ሌሎቹ ፎገራና ተሁለደሬ ናቸው። ስለዚህ ጎጃም ለዚህ መድን እንግዳ አይደለም፤ ሥርዓቱ ከተጠነሰሰባቸው ቦታዎች አንዱ ነው ማለት ይቻላል። በዚያን ጊዜ ከሽፋን ውጪ ተብለው በዋናነት የተጠቀሱት ከሀገር ውጪ የሚደረግ ሕክምና፣ ለውበት ሲባል የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ መነጽርና እነዚህን የመሳሰሉት ነበሩ። የቀረው በጤና ጣቢያና ውል በተገባበት ሆስፒታል የሚሰጠው የተመላላሽና የአስተኝቶ ሕክምና በመድኑ ሥር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ስለሆነም የመለሰዎት ሠራተኛ «መድን ለሰካራም አይከፍልም» ሲል የራሱን አስተያየት ተናግሮ ሊሆን ይችላልና፣ መመሪያውን እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። «የትኛው አንቀጽ ነው የሚከለክለኝ?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ የአባል መብት ነው። አንቀጹ ካለ በጽሑፍ ይሰጥዎታል፤ ከሌለ ደግሞ መልሱ ራሱ ይለወጣል።

በእኛ አስተያየት የወንድምዎ ዋነኛ መሰናክል ከሕጉ ይልቅ የመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ነው። የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች አብዛኞቹ የቆዩ ናቸው። ክሎርፕሮማዚን፣ ሃሎፔሪዶል፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታልም ሳይቀር በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ከገቡ ብዙ ዘመን አልፏል። ሆኖም ጤና ጣቢያው በጀቱን ሲመድብ አስቀድሞ የሚያስበው ለወባ፣ ለሳንባ ምችና ለወሊድ ነው፤ የአእምሮ መድኃኒት ከዝርዝሩ ግርጌ ይቀራል። በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ እርሱም የማይደርስበት ጊዜ አለ። መድኑ ውል የገባው ከጤና ተቋሙ ጋር ስለሆነ፣ ተቋሙ መድኃኒቱን ካላቀረበ አባሉ ደብተሩን ይዞ ከኪሱ ይከፍላል። የአእምሮ ሕመምተኛ ደግሞ ለአንድ ሳምንት ታክሞ የሚተው አይደለም፤ በየወሩ መድኃኒት የሚያስፈልገው በመሆኑ «የለም» የሚለው ማኅተም የሚመታበት በየወሩ ነው። የዘንድሮውን አዝመራ ሸጦ መድኃኒት የገዛ ቤተሰብ በሚቀጥለው ዓመት መዋጮውን ለመክፈል ቢያቅማማ የሚፈረድበት አይመስለንም።

«በገዛ እጁ ያመጣው» ስለሚለው አነጋገርም ጥቂት እንበል፤ ሠራተኛው ብቻ ሳይሆን ብዙ ጨዋ ሰዎችም ይህንኑ ሲናገሩ እንሰማለንና። ወንድምዎ ነገ ሰክሮ ገደል ገብቶ እግሩ ቢሰበር መድኑ ይከፍላል። ጉበቱ አብጦ ሆዱ ውኃ ቢቋጥር ይከፍላል። ደም አስመልሶት በሌሊት ሆስፒታል ቢገባ ለአልጋውም ለደሙም ይከፍላል። እንግዲህ መድኑ የሱሱን ውጤት ሁሉ እያስታመመ ሱሱን ራሱን አላውቀውም የሚል ከሆነ፣ ጎርፉ ማሳውን ሲጠርግ እያየ ቦዩን ከላይ መዝጋት እንደማይፈልግ ገበሬ መሆኑ ነው። ከዚህም በላይ፣ ጥፋተኛ ተብሎ የሚመለስ ሰው ሕመሙን ይደብቃል፤ «ምን ያህል ትጠጣለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «አልጠጣም» ይላል፤ ሐኪሙም ጨጓራውን ብቻ አክሞ ይሸኘዋል።

ጥፋተኛ እንፈልግ ከተባለ ደግሞ አረቄ የምታወጣውን ሴት ለመኮነን መቸኮል አይገባም። በየከተማችን ዳር ጌሾና ብቅል አስልታ፣ ከእሳት ጋር ስትታገል ውላ ልጆቿን የምታስተምረው ብዙ ናት። ስለ ሕክምና እየተነጋገርን ነገሩን ወደ እርሷ ብናዞረው ወንድምዎ አንድ ክኒን እንኳ አያገኝም።

አቤቱታውን በተመለከተ የሚከተለውን ያድርጉ። «የለም» የሚል ማኅተም የተመታባቸውን ማዘዣዎችና ከግል መድኃኒት ቤት የተቀበሉዋቸውን ደረሰኞች አንድም ሳይጥሉ ያስቀምጡ። ቅጂያቸውን ከማመልከቻ ጋር አያይዘው ለወረዳው የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ያቅርቡ፤ ገንዘቡ ተመላሽ የሚሆንበት አሠራር መኖሩንና ወረዳው ከሌላ መድኃኒት ቤት ጋር ውል ያለው መሆኑን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ማመልከቻዎ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር እንዲሰጠውም ያድርጉ። በቃል የቀረበ አቤቱታ ከበር ሲወጡ ይረሳል። ከዚያ በኋላ በመድኑ ጠቅላላ ጉባኤ የቀበሌዎን አባላት የሚወክለውን ሰው ያግኙ። ጉባኤው ስለ መዋጮ መጠን ሲመክር ይሰማል፤ ስለ መድኃኒት ዝርዝር ሲመክር ግን እምብዛም አይሰማም፤ የሚያነሣው አባል ስለሌለ ነው። ሊጠየቅ የሚገባውም በጣም የተወሰነ ነገር ነው። ወረዳው ከጤና ጣቢያውና ከሆስፒታሉ ጋር ውሉን ሲያድስ የአእምሮና የሱስ ሕክምና በስም ተጠቅሶ እንዲገባ፣ አምስት ወይም ስድስት የሚሆኑ የአእምሮ መድኃኒቶች እንዳይቋረጡ ተቋሙ ግዴታ እንዲገባ፣ ለተረጋጋ ሕመምተኛ የሁለትና የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲሰጠው። ይህ ከአዲስ አበባ ፈቃድ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይመስለንም። ማመልከቻውን ብቻዎን አያቅርቡት። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ያላቸው፣ ከወሊድ በኋላ አእምሮዋ የታወከ እኅት ያላቸው ቤተሰቦች በቀበሌዎ አይጠፉም፤ በዕድር ወይም በማኅበር ተገናኝታችሁ በጋራ ብትፈርሙ የመድኑ ቦርድ አንድ ሰካራም ሳይሆን ብዙ አባላት እንደሚያነጋግሩት ያያል።

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ ከተማ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ለሠራተኞች ይመጣል የተባለው ማኅበራዊ ጤና መድን የሱስ ሕክምናን እንደማይሸፍን ሰማሁ። እውነት ነው? ከሆነስ ሳይጀመር በፊት ሊሻሻል አይችልም? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው፤ ከላይ ለእኅታችን ከሰጠነው መልስ የሚለየውም በዚህ ነው። ማኅበራዊ ጤና መድን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የተቋቋመ ሲሆን፣ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም እንዲሁ 3 በመቶ እንዲያዋጡ ያስባል። ዝርዝሩን የያዘው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 271/2005 ነው። ይህ ደንብ መድኑ የማይከፍልባቸውን አገልግሎቶች ሲዘረዝር፣ ከውበት ቀዶ ሕክምና፣ ከመነጽርና ከአካል ክፍል ንቅለ ተከላ ጋር «ዕፅን አላግባብ ከመጠቀም ወይም ከሱስ ጋር የተያያዘ ሕክምና» የሚል ሐሳብ አስገብቷል። የአእምሮ ሕመም በዚህ ዝርዝር ውስጥ በስም አልተከለከለም። ሆኖም አልኮልና ድብርት፣ ጫትና እንቅልፍ ማጣት፣ ሱስና ራስን የመጉዳት ሐሳብ በአንድ ሰው ላይ ተደርበው የሚገኙ በመሆናቸው፣ ከፋዩ አካል የትኛውን እንደሚከፍልና የትኛውን እንደማይከፍል ሲለይ ሐኪሙ የሚጽፈው የምርመራ ውጤት ገንዘብ ያለው ወይም የሌለው ይሆናል። ሐኪም ለሕመምተኛው አዝኖ «ሱስ» የሚለውን ትቶ «ድብርት» ብሎ እንዲጽፍ የሚፈትን ሕግ መልካም ሕግ አይደለም፤ መዝገቡም ውሸት ይሆናል፣ ሀገሪቱም ስንት ሱሰኛ እንዳላት አታውቅም።

ደንቡ በወጣበት ዘመን ክልከላው የገባበት ምክንያት ለመገመት አያስቸግርም። ገና የሚቋቋም ፈንድ ወጪው እንዳይናር ይፈራል፤ የሱስ ሕክምና ደግሞ ረጅም ጊዜ የሚወስድና ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ የሚያገረሽበት ነው። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አንልም። ነገር ግን ስኳርና ደም ግፊትም ዕድሜ ልክ የሚታከሙ፣ የሕመምተኛው ጥንቃቄ ሲላላ የሚያገረሹ ሕመሞች ናቸው፤ እነርሱን ግን ማንም አልከለከለም። የወጪው ሥጋት እውነተኛ ከሆነ ጣሪያ ማበጀት ይቻላል። ለምሳሌ በዓመት የሚሸፈነውን የአልጋ ቀን መወሰን፣ ሕክምናው በተመላላሽ እንዲጀመር ማድረግ፣ ከጤና ጣቢያ በሪፈር እንዲመጣ ማስገደድ ይቻላል። ሙሉ በሙሉ መከልከል ግን ከሁሉ ቀላሉ መንገድ ስለሆነ የተመረጠ ይመስላል።

ሊሻሻል ይችላል ወይ ላሉት፣ አዎን ይችላል። ደንብ በሚኒስትሮች ምክር ቤት የወጣ በመሆኑ በዚያው ምክር ቤት ይሻሻላል፤ አዋጁን መንካት እንኳ ላያስፈልግ ይችላል። የማኅበራዊ ጤና መድኑ አፈጻጸም ከታወጀ በኋላ ለረጅም ዓመታት መዘግየቱ ሠራተኛውን ያሳዘነ ቢሆንም፣ ለዚህ ጉዳይ ጊዜ ሰጥቶናል። በእጃችን ያሉት መከራከሪያዎችም ደካማ አይደሉም። ጤና ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. ያወጣው የተሻሻለው የመሠረታዊ ጤና አገልግሎት ጥቅል የአእምሮ ጤናንና የአደንዛዥ ነገሮችን አጠቃቀም የሚመለከቱ አገልግሎቶችን በውስጡ ይዟል። አንዱ የመንግሥት ሰነድ መሠረታዊ ያለውን ሌላው ከሽፋን ውጪ ማድረጉ ሊታረቅ የሚገባው ነገር ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ይደነግጋል። ከዚህ የበለጠ ቀጥተኛ የሆነው ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን ሲሆን፣ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ጭምር የሚመለከተው ይህ ሰነድ በአንቀጽ 25 በጤና መድን አሰጣጥ ላይ አድልዎ እንዳይደረግ በግልጽ ይከለክላል። በሐቀኝነት ለመናገር፣ ይህ የመጨረሻው መከራከሪያ የሚጠነክረው ለረጅም ጊዜ ለቆየ የአእምሮ ሕመም ነው፤ ሱስ ብቻውን በዚህ ሥር ይወድቃል ወይ የሚለው በሕግ ባለሙያዎች ዘንድ ሊያከራክር ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ለያይቶ ማቅረብ ይሻላል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚል ሰው፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በቢራና በሌሎች የአልኮል መጠጦች ላይ ከፍ ያለ ግብር መጣሉን ማስታወስ ይበቃል። ሰው ሲጠጣ ግብሩን የተቀበለ መንግሥት፣ ሲታመም ከዚያው ግብር ጥቂቱን ለሕክምናው ቢያውል ተገቢ ነው። እርግጥ የቤት አረቄና ጠላ በዚህ መረብ ውስጥ አይገቡም፤ የጎጃም ገጠር ጠጪ ደግሞ አብዛኛው በእነርሱ ላይ ነውና ይህ መልስ ሙሉ አይደለም።

እርስዎ በግልዎ ሊያደርጉት የሚችሉት ጉዳዩን በመሥሪያ ቤትዎ የሠራተኛ ማኅበር በኩል ማንሣት ነው። መምህራንና የጤና ባለሙያዎች የየራሳቸው የሙያ ማኅበር አላቸው፤ ከደመወዛቸው የሚቆረጥባቸው ሰዎች ስለ ሽፋኑ ሲናገሩ የሚሰማቸው ይኖራል። በምክር ቤት የሚወክልዎትንም ሰው በደብዳቤ ማነጋገር ይችላሉ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ የደንቡን ቁጥር ይጥቀስ፤ እንዲሰረዝ የሚፈለገውንም ሐረግ ቃል በቃል ያስቀምጥ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ የሚኖር አጎቴ በዚያ አገር መድን ድርጅቶች የሱስንና የአእምሮን ሕክምና እንደ ሌላው ሕመም እኩል እንዲከፍሉ በሕግ ይገደዳሉ ይለኛል። እኛስ እንደዚያ ያለ ሕግ ብናወጣ አይበጀንም? (ከእንጅባራ)

መልስ፦ አጎትዎ የነገሩዎት ትክክል ነው፤ ግን በሁለት ጊዜ የተደረገ ነገር መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የእኩልነት ሕግ መድን ድርጅቱን «የአእምሮና የሱስ ሕክምና የምትሸፍን ከሆነ ከሌላው ሕመም ባነሰ ሁኔታ አትሸፍን» ይለዋል እንጂ እንዲሸፍን አያስገድደውም ነበር። በ2010 የጸደቀው የጤና ማሻሻያ ሕግ ደግሞ ይህንኑ አገልግሎት ከአሥሩ መሠረታዊ የጤና ጥቅሞች አንዱ በማድረጉ፣ በግለሰቦችና በአነስተኛ ድርጅቶች የመድን ገበያ የሚሸጥ መድን እንዲይዘው ግዴታ ሆነ። ያም ሆኖ በዚያ አገር ሕመምተኞች ቅድመ ፈቃድ ተከልክለው፣ በውሉ ውስጥ የሚያክማቸው ባለሙያ አጥተው መቸገራቸው አልቀረም።

ለእኛ የሚበጀን ከሁለቱ የሁለተኛው ሐሳብ ነው ብለን እናምናለን። እኩልነት ብቻ ብንጠይቅ፣ የደም ግፊት መድኃኒትም በሚጠፋበት ጤና ጣቢያ የአእምሮ መድኃኒት «እኩል» ይጠፋል። በስም ተጠርቶ በግዴታ ዝርዝር ውስጥ የገባ አገልግሎት ግን በጀት ይያዝለታል፣ ባለሙያ ይሠለጥንለታል፣ ሪፖርትም ይጠየቅበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረውና በሀገራችንም የተሞከረው መርሐ ግብር ነርሶችና ጤና መኮንኖች ድብርትን፣ ሳይኮሲስን (ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመምን)፣ የሚጥል በሽታንና የአልኮል ሱስን በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዲያክሙ የሚያሠለጥን በመሆኑ፣ የአእምሮ ሐኪም እስኪመጣ መጠበቅ የግድ አይደለም። በእንጅባራ አካባቢ ባለው ጤና ጣቢያ ይህን ሥልጠና የወሰደ ባለሙያ መኖር አለመኖሩን፣ ካለም የሚጽፈው መድኃኒት በዚያው የሚገኝ መሆኑን ጠይቀው ቢጽፉልን በሚቀጥለው ዕትም እንመለስበታለን።